በመታጠቢያ ገንዳ ዙሪያ ባለጥለት ሴራሚክ ስለ መደርደር

የገላ መታጠቢያን ግድግዳ ሴራሚክ ማልበስ ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ልጆች በሚታጠቡበት ገንዳ ዙሪያ ውኃ ሳይረጭ የሚውልበት ቀን የለም። የተረጨው ውኃ ወደ ምርጊቱ ከገባ ጭቃው ይላላል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ክፍሉም ይሻግታል፤ ሻጋታ ደግሞ አስም ያለበትን ልጅ ያፍነዋል። ስለዚህ አደራደሩን ሲሚንቶው ከመቦካቱ በፊት ማሰብ ያሻል።

በምርጊት ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ አይሰነብትም። ገንዳው የሚጠጋው ግድግዳ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ ይለሰን፤ ልስኑም በደንብ ይድረቅ። ግንበኛው ቱምቢና ውኃ ልክ ሳይዝ ከመጣ ሥራው ባይጀመር ይሻላል።

ጥለቱን በተመለከተ የምንመክረው የነጠላን ሥርዓት ነው። ሸማኔ ጥለቱን በነጠላው ሁሉ ላይ አይበትነውም፤ በጠርዙ ያኖረዋል እንጂ። እናንተም ባለአበባውን ሴራሚክ በር ሲከፈት ፊት ለፊት በሚታየው ግድግዳ ላይ ብቻ አድርጉት፤ የቀረው ነጭ ይሁን። ወጪም ይቀንሳል፣ ዓይንም ያርፋል።

ምሳሌ እንስጥ። ከገንዳው በላይ ያለው ግድግዳ 1 ሜትር ከ50 ይርዘም እንበል። ሴራሚኩ በየጎኑ 20 ሳንቲም ሆኖ፣ አራቱ ሲገጥሙ አንድ አበባ ይወጣቸዋል። ግንበኛው እንደ ልማዱ ከአንዱ ማዕዘን ቢጀምር ሦስት አበባ ይሞላለትና አራተኛው ሩቡ ተቆርጦ ይቀራል። ከግድግዳው መካከል ቢጀምር ግን ሦስቱ አበቦች 1 ሜትር ከ20 ይዘው መሐል ይቀመጣሉ፤ በግራና በቀኝ ለነጩ 15፣ 15 ሳንቲም ይተርፋል። በየመገጣጠሚያው የሚተወው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ከዚሁ ከዳሩ ይቀነሳል። ባለአበባው 12 ብቻ ይበቃል ማለት ነው። ከ5 ሳንቲም የጠበበ ቁራጭ ሲቆረጥ ይሰበራልና በዳር እንዲህ ያለ ቀጭን እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ይህን ለማየት ግንበኛ መጠበቅ አያስፈልግም። የግድግዳውን ርዝመት በሲባጎ ለክታችሁ ሲባጎውን መሬት ላይ ዘርጉት፤ ሴራሚኩንም ያለ ሲሚንቶ ደርድሩበት። መሬት ላይ ያላማረ ግድግዳ ላይ አያምርም።

ወደ ላይ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የገንዳው አፍ ቀጥ ያለ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ዘንበል ያለ ነው። እሱን ተከትሎ የተደረደረ ሁሉ አብሮት ይዘማል። ስለዚህ ከገንዳው በላይ የአንድ ሴራሚክ ከፍታ ያህል ትቶ ቀጥ ያለ ጣውላ በውኃ ልክ ይመታ፤ ሥራው ከሁለተኛው ረድፍ ይጀመር። የታችኛው ረድፍ በመጨረሻ በልኩ እየተቆረጠ ይገባል። ገንዳውና ሴራሚኩ የሚገናኙበት ስንጥቅ በሲሚንቶ ቢደፈን ይሰነጠቃልና በሲሊኮን ይደፈን። ውኃ ሾልኮ የሚገባው በዚያ ነውና ይህን አትለፉት።

ቆመው ለሚታጠቡበት ሴራሚኩ እስከ 1 ሜትር ከ80 ቢደርስ መልካም ነው።

ስትገዙ ጥለቱ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚለውን ተዉት፤ የሳሙና እድፍ ይይዛል። ነጋዴዎች «ቆሻሻ አያሳይም» እያሉ የሚያወድሱት ጥቁር ቀለምም አለ፤ እኛ የምንጠላው ስለዚሁ ነው። ቀለሙ ከካርቶን ካርቶን ስለሚለያይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እያመሳከራችሁ ግዙ፤ ለስባሪም ከአሥር አንድ ጨምሩ።