መብራት «ኦፕን» የሚያደርጉ ተማሪዎች

ቻይናዊ «ኦፕን ዘ ላይት» ሲል ሰምታችሁ ስቃችሁ ይሆናል። እኔም ስቄያለሁ፤ አንድ ወጣት ቻይናዊ መሐንዲስ እንግሊዝኛ ማስጠናት እስክጀምር ድረስ።

በቻይንኛ «ካይ» የሚባል አንድ ግሥ አለ። በር መክፈትም፣ መብራት ማብራትም፣ መኪና መንዳትም እሱው ነው። «ካን» ደግሞ ማየትም፣ መጽሐፍ ማንበብም፣ ሐኪም ዘንድ መታየትም ይሆናል። እንግሊዝኛው ይሄንን ሲ፣ ሉክ፣ ዋች፣ ሪድ እያለ ይበትነዋል። እኔ መጀመሪያ ላይ ሃምሳ ሃምሳ ቃል ከነፍቺው እሰጠው ነበር። ልጁ ሁሉንም ሸምድዶ ይመጣል፤ ዓረፍተ ነገር ሥራ ስለው ግን «ኦፕን ዘ ቲቪ!» ጥፋቱ የኔ ነበር። ቃሉን ለብቻው ሳይሆን «ተርን ኦን ዘ ላይት» ብሎ ከነጓደኛው መያዝ ነበረበት።

የሥጋ ስምም አስቸግሮታል። ቻይንኛ እንደኛው የበሬ ሥጋ፣ የበግ ሥጋ፣ የአሳማ ሥጋ ብሎ ይገላገላል። እንግሊዝኛ ግን ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. አገሩን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ ወርሶ ካውን ቢፍ፣ ሺፕን መተን፣ ፒግን ፖርክ ይላል።

ከሁሉ የከፋው ቁጥር ነው። ቻይንኛ አሥር ሺህን «ዋን» ብሎ በእሱ ይቆጥራል (ስሙ ከእንግሊዝኛው ዋን ጋር መመሳሰሉ ሌላ ጣጣ ነው)። 250,000 ለእነሱ 25 ዋን ነው። ልጁ አንድ ቀን በስልክ 250,000 ብሎኬት ሊያዝ ፈልጎ «ትዌንቲ ፋይቭ ታውዘንድ» አለ። አጠገቡ ባልኖር ሥራው በቆመ ነበር! የኛም አባቶች አሥር ሺህን እልፍ ይሉታል፣ በግዕዝ ቁጥርም ፼ የሚል ምልክት አለው፤ ስለዚህ ችግሩ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቁጥር በሦስት በሦስት አሃዝ በነጠላ ሰረዝ ከፍሎ ሳይጽፍ እንዳይናገር አደረግኩት።

ፈሊጥ ላይ ስንደርስ ደግሞ «አይ ድሮቭ ዘ ናይት ካር» አለኝ። በሌሊት የት ሄደህ ነው ብለው ሳቀ። ለካ በቻይንኛ «የሌሊት መኪና መንዳት» አምሽቶ ማጥናት ወይም መሥራት ነው! እንግሊዞች «የእኩለ ሌሊት ዘይት ማንደድ» ይሉታል። እኛስ? «መብራት ላይ አፍጥጦ ማደር» ብንል የሚቀርብ ይመስለኛል።

ሁሉም ፈሊጥ ግን ባዕድ አይደለም። «ሉዝ ፌስ» እና «ፔፐር ታይገር» እንግሊዝኛ ራሱ ከቻይንኛ ቃል በቃል የተረጎማቸው ናቸው። ለማበረታታት የሚባለው «አድ ኦይል» እንኳ በ2018 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ገብቷል። ይሄን ስነግረው ፊቱ በራ። በማግስቱ በ«ሉዝ ፌስ» አሥር ዓረፍተ ነገር ሠርቶ መጣ፤ ስምንቱ ልክ ነበሩ።