በወረርሽኙ ወቅት በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት በቤቷ የምታገግመው እንዴት ነው?

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ፣ በዚያው ወር በባሕር ዳር የእንቅስቃሴ ገደብ ተጥሎ ነበር። ምጥ ግን ወረርሽኝ እስኪያልፍ አይጠብቅም። በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና የተገላገለች እናት ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ አንዷ ወደ ከተማው ቀበሌ፣ ሌላዋ በጀልባ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ደሴት። የቆዳው ቁስል በሁለት ሳምንት ገደማ ሊገጥም ይችላል፤ የተሰፋው ማሕፀንና የሆድ ግድግዳ ግን ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

በእነዚህ ሳምንታት ወላዷ ከሕፃኑ የከበደ ነገር አታነሣም፤ የውኃ ጀሪካን መሸከም የሌላ ሰው ሥራ ነው። ይህ ማለት ግን ሙሉ ቀን መተኛት አይደለም፤ በእግር ደም እንዳይረጋ በቤትና በግቢ ውስጥ ቀስ ብሎ መራመድ ያስፈልጋል። ስታስል ወይም ስትስቅ ቁስሉን በትራስ ደገፍ ብታደርገው ሕመሙ ይቀልላታል። ቁስሉ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። ቅቤ፣ ፌጦም ሆነ አመድ አይደረግበትም፤ በሐይቅ ውኃም አይታጠብም። ገንፎውና አጥሚቱ መልካም ናቸው፤ እንቁላል፣ ጎመንና በደንብ የበሰለ የጣና ዓሣ ቢጨመርባቸው ደግሞ ቁስሉ ቶሎ እንዲያገግም ይረዳሉ።

አራስ መጠየቅ የቆየ ደግ ባህላችን ነው፤ ሆኖም በጠባብና በተዘጋ ክፍል ብዙ ሰው ሲሰበሰብ ቫይረሱ በቀላሉ ይተላለፋል። ጠያቂው ከደጅ ሆኖ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ቢልና ያመጣውን ምግብ ለአስታማሚዋ ቢሰጥ ፍቅሩ አይጎድልም። አስታማሚዋ አንዲት ብትሆን ይመረጣል፤ እርሷም እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ ጭምብል ታድርግ። መስኮት ይከፈት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በሽታውን ፈርቶ ከጤና ተቋም መቅረት ነው። ትኩሳት ሁሉ ኮሮና አይደለም፤ የቁስል፣ የማሕፀን ወይም የጡት ኢንፌክሽን፣ በጣና ዳርቻም ወባ ሊሆን ይችላል። የትንፋሽ ማጠርም ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ውስጥ ከገባ የረጋ ደም ሊመጣ ይችላል፤ ይህም በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል ወይም መጥፎ ሽታ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርቅ የሚያርስ ደም፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሳይነጋ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። በደሴትና በሐይቁ ዳር ያሉ ቤተሰቦች ጀልባ በየሰዓቱ ስለማይገኝ፣ ችግር ሳይመጣ ከባለ ጀልባው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

እናቲቱ ራሷ ኮቪድ-19 ቢገኝባትም ጡት ማጥባቷን አታቋርጥም። እጇን ታጥባ፣ ጭምብል አድርጋ ታጥባ። በጣም ደክማ ማጥባት ካቃታት ወተቷን አልባ በንጹሕ ኩባያ ጤነኛ ሰው ይስጥላት።

የክትትል ቀጠሮ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት ነው። በመጨረሻው ቀጠሮ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ መነጋገር ይገባል፤ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ቢቆይ የተሰፋው ማሕፀን ይጠነክራል። ያ ልጅ ሲወለድም ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል እንጂ በቤት መሆን የለበትም። ስለ ኮቪድ-19 ለመጠየቅ በነጻ ስልክ ቁጥር 8335 መደወል ይቻላል።