ሰፊ ዓይን ያለው ወንፊት

ወንፊት ደቃቁን ዱቄት አሳልፎ ሻካራውን ያስቀራል፤ ነገር ግን ብዙ ሲነፉበት ዓይኑ ይደፈናል።

በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2004 እ.ኤ.አ. ሌላ ዘዴ አሳዩ። ለዓይን የማይታዩ ምሰሶዎችን በረድፍ በረድፍ አቆሙ፤ እያንዳንዱም ረድፍ ከፊተኛው በጥቂቱ ወደ ጎን ፈቀቅ ያለ ነው። በመካከላቸው ፈሳሽ ሲፈስ ትንሹ ቅንጣት ፈሳሹን ተከትሎ እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ ትልቁን ግን ምሰሶው ሁሉ እየገፋ ወደ ጎን ይወስደዋል። በዚህ ዓይነት 0.8፣ 0.9ና 1.0 ማይክሮሜትር የሆኑ ቅንጣቶች በ40 ሴኮንድ ተለያዩ። ክፍተቱም ከቅንጣቶቹ ስለሚሰፋ በቀላሉ አይደፈንም።

ጥቅሙ ምንድን ነው ቢሉ፥ በአንድ ኩብ ሚሊሜትር ደም ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ቀይ ሕዋሳት አሉ። ከዕጢ ወጥቶ በመካከላቸው የሚጓዘው የነቀርሳ ሕዋስ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ከእነርሱ ይተልቃል። እንግዲህ በመጠኑ ለይቶ ማግኘት ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።