ለተራራ ጉዞ አለባበስ፦ ከውስጥ ወደ ውጭ

ለስሜን ተራሮች ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ «ተራራ ላይ ማን ያይሃል? የሚያሞቅህን ብቻ ልበስ» ይላል፤ ሌላው ከራስ እስከ እግር ውድ ልብስ ያስገዛዋል። ሁለቱም አያዋጡም። በወደዱት ልብስ መጓዝ ደስታ ነው፤ ደስታውም ሊናቅ አይገባም። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፦ ገላን የሚነካው ለሥራው፣ ዓይን የሚያርፍበት ለመልኩ ይመረጥ።

1. የውስጡን ልብስ በጨርቁ ይምረጡ። የተጓዦች ማረፊያ የሆነው የሳንቃበር ሰፈር 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ዳገቱን ሲወጡ ያልብዎታል፤ ለእረፍት ሲቆሙ ነፋሱ ላቡን ያቀዘቅዘዋል። ጥጥ ላቡን መጥጦ ቶሎ ስለማይደርቅ ፖሊስተር ወይም ስስ ሱፍ ይሻላል። «አያቶቻችን ደጋውን የኖሩት በጥጥ ጋቢ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጋቢ ግን የሚያሞቀው ደረቅ ሲሆን፣ ድርቡ አየር ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ለማታ፣ ሰፈር ከደረሱ በኋላ ይያዝ። የመንዝ ሰውም ለብርዱ ባና እና በርኖስ የሚሠራው ከበግ ጸጉር ነው።

2. ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ የዝናብ ልብስ ይደርቡ። እዚህ ላይ ቀለም መልክም ጥቅምም አለው፤ ጉም ሲወርድ ቀይ ወይም ብርቱካናማ የለበሰ ሰው ለጓደኞቹ ቶሎ ይታያል።

3. የራስዎን መልክ አንገትና ቦርሳ ላይ ያውጡ። ባለ ጥለት ነጠላ ወይም ኩታ አጥፈው አንገትዎ ላይ ቢጠመጥሙት ከፀሐይና ከአቧራ ይከላከላል፤ ቢረጥብም አውልቆ ማስጣት ቀላል ነው። ጥለቱ ፊት ለፊት እንዲታይ አድርገው ጫፉን ጃኬት ውስጥ ይክተቱ፤ ቁጥቋጦ አይዘውም። የጥበብ ቁራጭ ለመስፋት የቦርሳ ኪስ ክዳን ጥሩ ቦታ ነው። የዝናብ ልብስ ትከሻ ላይ ግን አይስፉ፤ መርፌ የበሳው ሁሉ ውኃ ያስገባል።

4. ከጉዞው በፊት ይሞክሩት። ሙሉውን ለብሰው፣ ቦርሳውን ሞልተው ግማሽ ቀን እንጦጦ ላይ ይውጡ ይውረዱ። ቁጢጥ ሲሉ ሱሪው ከያዘዎት፣ ጫማው ተረከዝዎን ከላጠዎት ይቀይሩ።

«ይህ ሁሉ ለባለ ገንዘብ ነው» ለሚል መልሱ ቀላል ነው። ሹራቡም ፖሊስተሩም ከሰልባጅ ገበያ ይገኛል፤ ገንዘቡ በቅድሚያ ለጫማና ለዝናብ ልብስ ይዋል። አንድን ተጓዥ ከሌላው የሚለዩት ነጠላው፣ የቀለም ምርጫውና የእጅ ስፌቱ ግን ከሁሉም ያነሰ ወጪ የሚጠይቁ ናቸው፤ አምሮ ለመጓዝ ባለጸጋ መሆን አያስፈልግም።