በርበሬን ወደ አውሮፓ ለመላክ፦ ለአነስተኛና መካከለኛ አምራቾች የአሠራር መመሪያ

በርበሬ የሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመላክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚቸኩለው ገዥ ለማፈላለግ ነው። ይሁንና ከገዥ በፊት የሚቀድመው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ ምክንያቱም ኅብረቱ «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» በተባለው ሥርዓቱ የኢትዮጵያን ምርት ያለ ቀረጥ ቢያስገባም፣ በጥራት ረገድ ለማንም አይራራም።

ዋናው ፈተና አፍላቶክሲን፣ ማለትም ሻጋታ የሚያመነጨውና ጉበትን የሚጎዳው መርዝ ነው። የኅብረቱ ሕግ በደረቅ በርበሬ ውስጥ ጠቅላላ መጠኑ በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም፣ ቢ1 የተባለው አደገኛ ዓይነቱ ደግሞ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ 10 ማይክሮግራም በኪሎ ሲባል በ1,000 ኩንታል ውስጥ አንድ ግራም እንደ ማለት ነው። ይህ መርዝ አንዴ ከገባ በማመስም ሆነ በመንፋት ስለማይወገድ፣ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከወፍጮ ሳይሆን ከማሳ ነው፤ ዛላው ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እንዲደርቅ፣ የሻገተው በእጅ እንዲለቀም፣ ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ የተረጨበትም (ገበያው ይህን ያውቀዋል) ለሻጩ እንዲመለስ ያስፈልጋል። መርዙ በጭነቱ ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ ናሙናው ከብዙ ጆንያዎች መወሰድ አለበት፤ ቀይነቱን ለማድመቅ የሚጨመረው «ሱዳን» የተባለ የኢንዱስትሪ ቀለም ደግሞ በምግብ ውስጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው በገዥው አገር ሸማች ዘንድ በሚነበብ ቋንቋ የሚጻፈው መለያ ነው። በዚህ ላይ አለርጂ አምጪ የሆኑ ግብዓቶች፣ ለምሳሌ ስንዴ፣ ሰናፍጭ፣ ሰሊጥና ግብጦ፣ ጎልተው መታየት ስላለባቸው፣ ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ የሚጠቀም አምራችም ጉዳዩን አስቀድሞ ለገዥው ማሳወቅ ይገባዋል።

የላኪነት ንግድ ፈቃድና የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ማውጣት ትዕግሥት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም። ክፍያው ግን ይጠይቃል፤ ከሁሉ አስተማማኙ ቅድመ ክፍያ ሲሆን፣ የገዥው ባንክ ሰነዶች እንደ ውሉ ሲቀርቡለት ሊከፍል ዋስ የሚሆንበት ኤልሲ ይከተላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ላኪው ካገኘው የውጭ ምንዛሪ ግማሹን ይዞ እንዲቆይ ስለፈቀደ፣ ማሸጊያና የምርመራ ክፍያ ከዚሁ ሊሸፈን ይችላል። የመጀመሪያው ጭነት ትንሽ ይሁን፤ ገዥው ዘመድ ቢሆንም እንኳ በዱቤ አይላክ።