ከሩጫው በፊት የተዘረጋ እጅ

ለንባብ፦ ዘዳግም 10፥17-19፤ ኤፌሶን 2፥8-10፤ ዕብራውያን 12፥1-3



ቤት ያጣ ሰው ያጣው ጣራ ብቻ አይደለም። ሲመሽ የት እንደሚያድር የሚጠይቀውን፥ ሲቀርም የሚፈልገውን ሰው አጥቷል። ስለዚህ ለስደተኛ እንጀራና ብርድ ልብስ ሰጥተን ሥራችንን የፈጸምን እንዳይመስለን፥ በጎረቤታችን በኬንያ በእውነት የተደረገውን ነገር በዚህ ትምህርት እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በናይሮቢ ከተማ ዌስትላንድስ የሚባል፥ ረጃጅም ሕንፃዎችና የንግድ ቤቶች የበዙበት ሰፈር አለ። በዚያ በሚያልፈው በዋያኪ ጎዳና አጠገብ የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ዋና ጽሕፈት ቤት ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር የኬንያ ጽሕፈት ቤትም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሰፈር ሠርቷል። ከአገራቸው የተሰደዱ ብዙዎች፥ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን፥ ጉዳያቸውን ለማመልከት ወደዚያ ወጥተዋል። ስም በመዝገብ መጻፉ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ሰውን በስሙ ጠርቶ ከማዕድ አያስቀምጠውም።

ከናይሮቢ እጅግ ርቆ፥ በሰሜን ምዕራብ በቱርካና በረሓ የካኩማ መጠለያ ይገኛል። ይህ ሰፈር በ1992 ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ በአገራችን ተጠግተው የነበሩ፥ በ1991 መንግሥት ሲለወጥ እንደ ገና የተሰደዱ የሱዳን ልጆች ነበሩ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ለልጆችና ለወጣቶች በዚያ ሲደክም ቆይቷል።

በ2005 ይየች ፑር ቢኤል የተባለ ልጅ ከዛሬይቱ ደቡብ ሱዳን ከጦርነት ሸሽቶ፥ ያለ አባትና ያለ እናት ካኩማ ደረሰ። ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ1994 የኒው ዮርክን ማራቶን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የሆነችው ቴግላ ሎሩፔ ያቋቋመችው ድርጅት በመጠለያው የሩጫ ውድድር አደረገ። ከተወዳደሩት ብዙዎቹ በባዶ እግራቸው ሮጡ። የተመረጡት በናይሮቢ አጠገብ ወዳለው ወደ ንጎንግ ተወስደው አልጋ፥ ምግብ፥ ጫማ፥ አሠልጣኝና አብሮ የሚሮጥ ባልንጀራ አገኙ።

በ2016 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ኦሎምፒክ የስደተኞች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ቢኤል ከ10ሩ ስፖርተኞች አንዱ ነበረ። በሉክሰምበርግ የሚኖረው ኢትዮጵያዊው ዮናስ ክንዴም በማራቶን ተሰልፎ ነበር። ቢኤል 800 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ54.67 ሴኮንድ ጨርሶ በምድቡ የመጨረሻው ሆነ። ሆኖም ይህ የመጨረሻ የወጣው ሰው በ2022 የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ሁለተኛው ምሳሌ ዶሚኒክ ሎባሉ ነው። በ2007 ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ተገደሉበትና ወደ ኬንያ ሸሸ። ኋላም በንጎንግ ከስደተኞቹ ሯጮች ጋር ተቈጠረ። በ2019 ለውድድር ወደ ስዊስ ሄዶ በዚያ መጠጊያ በጠየቀ ጊዜ፥ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ አገርና ያለ ቤት የቀረ እንግዳ ሆነ። በሳንክት ጋለን ከተማ ማርኩስ ሐግማን የተባለ አሠልጣኝ ተቀብሎ ረዳው። በ2024 ሎባሉ በሮም በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ለስዊስ ሮጦ በ10,000 ሜትር አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ኦሎምፒክ፥ ገና የስዊስ ዜግነት ስላልነበረው፥ በስደተኞች ቡድን ሮጦ በ5,000 ሜትር 4ኛ ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፥ አንዱ የመጨረሻ፥ ሌላው አንደኛ ወጣ፤ ሁለቱም ግን በራሳቸው እግር ብቻ አልደረሱም። ከሩጫው በፊት የተዘረጋ እጅ ነበረ። ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አስቀድሞ ጸጋን፥ ከዚያም የምንመላለስበትን መልካም ሥራ ያነሣል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው የተራበውን «መጀመሪያ በርታ፥ ከዚያ እረዳሃለሁ» ይለዋል።

ሁለተኛ፥ ሩጫ የሞቱትን ወላጆች አይመልስም፤ የተቃጠለውንም ቤት አይሠራም። ነገር ግን ጠዋት የሚነሡበትን ምክንያት፥ የሚጠብቅ ባልንጀራንና ነገ የሚባል ቀንን ይሰጣል። ርዳታ ብቻ ሲቀበል የኖረ ሰው እርሱም የሚያበረክተው እንዳለው ያውቃል። ስለዚህ እንግዳውን በመዘምራን፥ በእርሻ፥ በልጆች ጨዋታም መካከል ስፍራ እንስጠው።

ሦስተኛ፥ ምሳሌው ከወንጌል የሚያንስበትን ነጥብ ልብ እንበል። በካኩማ ፈጣኖቹ ተመረጡ፤ ያልተመረጡት ወደየድንኳናቸው ተመለሱ። በዚህ አሠልጣኞቹን አንነቅፍም፤ የስፖርት ሥርዓት ይህ ነውና። ክርስቶስ ግን ፈጣኑን መርጦ አልጠራም፤ ከመንገድ ዳር የወደቀውን አነሣ እንጂ። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ከተመለሱት ዘንድ ነው። በጋምቤላ የተጠለሉት የደቡብ ሱዳን ሰዎች፥ ከ2020 እስከ 2022 በተደረገው የሰሜኑ ጦርነት ከቤታቸው የተፈናቀሉት ወገኖቻችንም አብዛኛዎቹ ሯጮች አይደሉም። ዝና ስለማያመጡልን እንተዋቸውን?

«እኛ ድኾች ነን፤ ምን እንሰጣለን?» የሚል ጉባኤ ይኖር ይሆናል። አልጋና ጫማ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ በስም መጥራትና ሲቀር ሄዶ መፈለግ ግን ከድኻም አይጠፋም። እግዚአብሔር እስራኤልን መጻተኛን ውደዱ ብሎ ሲያዝዝ፥ እነርሱም በግብፅ መጻተኞች እንደ ነበሩ አሳሰባቸው። እኛም ከመሮጣችን በፊት ስለ እኛ የሮጠ፥ ነውርንም የታገሠ ጌታ አለን።

ለማኅበር ጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. በአጥቢያችን ከቤቱ ተፈናቅሎ የመጣ ማን አለ? ስሙን እናውቃለንን?

2. ለእርሱ እስከ ዛሬ ምን ሰጥተነዋል? እርሱስ ለጉባኤው የሚያበረክትበትን ስፍራ አግኝቷልን?

3. በዚህ ሳምንት ከእኛ ማን ሄዶ ይጠይቀዋል?

እንጸልይ። መጻተኛን የምትወድ አምላክ ሆይ፤ በራችንን ለሚያንኳኳ የሚዘረጋ እጅ ስጠን። የደከመውንም አጽንተህ ከእኛ ጋር አስሩጠው። በኢየሱስ ክርስቶስ፤ አሜን።