በበረዶ መንገድ ላይ ስለሚበተን ጨው

ጨው በአገራችን የወጥ ማጣፈጫ፣ ቀድሞም አሞሌ እየተባለ መገበያያ የነበረ ሸቀጥ ነው። በአሜሪካ ግን በዓመት ከሚፈጀው ጨው 40 በመቶ ያህሉ የሚውለው በብርዱ ወራት በመንገድ ላይ ለሚረጋው በረዶ ማቅለጫ ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ንጹሕ ውሃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይረጋል፤ ጨው የገባበት ውሃ ግን ከዚያ በታችም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ በረዶው በአስፋልቱ ላይ መጣበቁን ይተዋል። ይሁን እንጂ ብርዱ ከዜሮ በታች ከ9 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የተራው ጨው ሥራ እጅግ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ ዋጋቸው ከፍ ያለውን ካልሲየም ክሎራይድን ወይም ማግኒዚየም ክሎራይድን መጠቀም ይገባል። አሸዋ ግን ጎማው እንዳይንሸራተት ይረዳል እንጂ በረዶን አያቀልጥም።

ከጥቅሙ ጋር ጉዳቱም አለ። ጨው ተሽከርካሪን ቀርቶ በድልድይ ኮንክሪት ውስጥ ያለውን ብረት እንኳ ያዝጋል፤ ከጉድጓድ ውሃ ከገባም በቀላሉ አይወጣም። የካናዳ መንግሥት ጉዳዩን አስጠንቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የአጠቃቀም መመሪያ አውጥቷል።

እንግዲህ ከበረዶ አገር ያገለገለ ተሽከርካሪ ወይም መለዋወጫ የሚገዛ ነጋዴ የላዩን ቀለም ብቻ አይቶ አይዋዋል። ከመክፈሉ በፊት ሻንሲውንና የፍሬን ቱቦዎቹን ከሥር በባለሙያ ያስመርምር፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ይቀበል። ሥሩ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ቢያገኘው ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ ቀለም ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያድንምና።